የቅዳሜው ሞተር

የበልጉ ዝናብ ሣሩን ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲያደርሰው፣ አብተው የሣር ማጨጃ ማሽኑን ከዕቃ ቤት እየገፋ አወጣና ከግራሩ ጥላ ሥር አቆመው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በዚህ ግቢ ሣር የሚታጨደው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደንቡ የወጣው ሎጁ እንግዳ ይቀበል በነበረበት ዘመን፣ የእሁድ እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት ግቢው እንዲያምር ተብሎ ነው። እንግዳው ከቀረ በኋላ ደንቡን የሚሽረው ሰው ስላልተገኘ እንዲሁ ቀጠለ።

ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አየ። ማሽኑን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠ፤ ቤንዚኑ ከውስጥ ተንቦጫረቀ። የአየር መዝጊያውን ዘጋና የማስነሻ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ አነጠሰና ዝም አለ። ደግሞ ሳበ። አሁን ማነጠሱንም ተወው። ላብ ጀርባውን እስኪያጠበው፣ ትከሻው እስኪዝል ድረስ እየደጋገመ ሳበ። ግራሩ ላይ የነበሩት ወፎች መጀመሪያ በርግገው ተነሥተው ነበር፤ ምንም እንደማይመጣ ሲያዩ ተመልሰው አረፉ።

«ምን ሆነሃል?» አለው ማሽኑን። ድምፁ ሻክሮ ወጣ፤ ከራሱ ጉሮሮ የወጣም አልመሰለው። ለካ ከሰው ጋር ካወራ ብዙ ቀን ሆኖታል።

ሎጁ ያለው ከአዳሚ ቱሉ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ያሠሩት አቶ ንዋይ የሚባሉ የአዳማ ነጋዴ ናቸው። ጥቂት የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ አንድ ምግብ ቤት፣ እስከ ውሃው ጠርዝ የሚወርድ ሰፊ መስክ አለው። አብተው እዚህ የተቀጠረው ሚስቱ ሸዋወርቅ በሞተችበት ዓመት ነበር። አዳማ ውስጥ ተከራይተው በኖሩባት አንድ ክፍል ብቻውን መዋል አቅቶት ሳለ፣ ሐይቅ ዳር ዘበኛና አትክልተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማና ሳያመነታ መጣ። ያኔ ግቢው ሰው አያጣም ነበር። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፤ ልጆች ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፤ ማታ ማታ ወጥ ቤቶቹ ሲሳሳቁ እሱም በር ላይ ሆኖ፣ የሚያስቃቸውን ሳይሰማ፣ ይስቃል። ኋላ አንድ ሰሞን መንገዱ አስፈሪ ሆነና እንግዳው ሳሳ። አቶ ንዋይም ታመው ሞቱ። ልዩ የምትባለው ልጃቸው ሠራተኞቹን አሰናበተች፤ አብተውን ግን «እርስዎ በሩን ይጠብቁልን» አለችው። ደመወዙ በየወሩ በስልክ ይገባለታል። ስልኩ የሚጮኸውም በአብዛኛው ያኔ ነው።

የማሽኑን አያያዝ ያስተማሩት አቶ ንዋይ ራሳቸው ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሣሩ ላይ ተንበርክከው ነው ያሳዩት። «ከመገልበጥህ በፊት እሳት የሚሰጠውን የካንዴላውን ገመድ ንቀል፤ ይህን ከረሳህ ምላጩ ጣትህን ይወስደዋል» አሉት። «ስትገለብጠው የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይት ይገባበታል» አሉት። ከሁሉ አጥብቀው የነገሩት ግን ስለ በጋው ነበር። «ሣሩ ማደጉን ሲያቆምና ማሽኑን ስታስቀምጠው፣ ቤንዚኑን አስጨርሰው። በሆዱ ቤንዚን ይዞ እንዳይከርም።»

አብተው ይህን ሁሉ በየዓመቱ ሲያደርግ ኖሯል። ባለፈው በጋ ብቻ ቀረበት። ኅዳር ላይ፣ የመጨረሻውን አጨዳ በጨረሰ ማግስት፣ ወባ ጣለው። ብርድ ልብሱን ሁሉ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ፣ ኋላም ሁሉንም ገፎ ሲቃጠል ሰነበተ። ውሃ ሲጠማው ግድግዳ ይዞ እስከ ቧንቧው ይሄድና፣ መመለሱ ሲያቅተው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ይተኛ ነበር። ከተረፈው የድሮ መድኃኒት ውጦ ዳነ። ልዩ የደመወዙን ቀን ስትደውል ተሽሎት ነበር። «ሰላም ነዎት?» አለችው፤ «ሰላም ነኝ» አላት። ጉልበቱ ሲመለስ ማሽኑን ገፍቶ ዕቃ ቤት አስገባውና ሸራ አለበሰው። ቤንዚኑ ትዝ አላለውም።

እና አሁን፣ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ ይፈትሸው ጀመር። ካንዴላውን ፈታ፤ ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ መልሶ አሰረው። አልተነሣም። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣ፤ አቧራና የደረቀ ሣር ጠቅጥቆታል። በሳሙና አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ ሲደርቅ ዘይት ነካ አድርጎ መለሰው። አልተነሣም። በመጨረሻ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። የቤንዚን ሽታ አልነበረም፤ የከረመ ቀለም ሽታ ነበር። አውጥቶ ደፋው። ማደያ በጀሪካን ስለማይቀዳለት፣ መንገዱ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ከአንድ ባለ ባጃጅ አዲስ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ ተመለሰና ሞላው። ያም ሆኖ አልተነሣም። ያን ጊዜ በሽታው ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ እንዳለ ገባው። በካቻቢቴና በፒንሳ ፈታው። ሲያላቅቀው፣ ከሥሩ ያለችው ስስ ወረቀት፣ ጓርኒሲዮን የሚሏት፣ ተቀደደች።

ሰኞ ካርቡሬተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ አዳማ ተሳፈረ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። አብተው መቂን ሲያልፉ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» አለው። ወጣቱ አልሰማውም። ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ብዙ ሲያቆሟቸው፣ አብተው ደግሞ «እነዚህ መኪኖች!» አለ። ወጣቱ አንዱን ማዳመጫ ነቀለና «ምን አሉኝ አባቴ?» አለው። «አይ፣ ምንም» አለው።

አብደላ የሚባለው ሰውዬ ከአዳማ ገበያ በስተጀርባ ትንሽ ሱቅ አለው። የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ዕቃ ይሸጣል፤ ይጠግናልም። ካርቡሬተሩን በትኖ ወደ ብርሃን አነሣና በአንድ ዓይኑ አየ።

«ቤንዚን ከርሞበታል አባቴ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይኸው ሙጫ ሆኗል። ይቺን ቀዳዳ አዩአት? ከመርፌ ትቀጥናለች። ሞተሩ የሚጠጣው በእሷ ነው። እሷ ስትደፈን እርስዎ ገመድ ሲስቡ ቢውሉ የሚነሣ ነገር የለም።» ቀጭን ሽቦ አስገብቶ እያሽከረከረ ጠረጋት፤ በቤንዚን አጠበው፤ በአየር ነፋው። ተስማሚ ጓርኒሲዮን ከሳጥን መርጦ ሰጠው። «ዘይቱን መቼ ለወጡት?»

«አምና ሐምሌ።»

«ይለውጡት። ሞተሩ ሞቅ ሲል ያውጡት፣ ቆሻሻውን ይዞ እንዲወጣ። ምላጩንም ይሳሉት፤ የደነዘ ምላጭ ሣሩን ይገነጥለዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለማን ነው የሚያጭዱት? ለሆቴል?»

«ለሎጅ» አለ አብተው።

«እንግዳ አለ?»

«እንግዳማ ይመጣል» አለ። ለምን እንደዋሸ ለራሱም አልገባውም።

ከሱቁ ሲወጣ ገና እኩለ ቀን ነበር። እግሩ ሳያስበው ወደ ድሮ ሰፈሩ ወሰደው። እሱና ሸዋወርቅ የኖሩባት ክፍል የነበረችበት ግቢ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ከሥሩ የሞባይል መሸጫ አለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንድ ሰው ያልፍ እንደሆነ ጠበቀ። የሚያልፉት ሁሉ ወጣቶች ነበሩ። አንዷ የሱቁ ልጅ ወጥታ «ምን ልርዳዎት?» ስትለው ሄደ።

እንግዲያው ልዩን ሳላያት አልሄድም ብሎ፣ ከአባቷ ወደ ወረሰችው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ አለ። ልዩ ገና ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሥታ አቀፈችው። ወንበር አስመጣችለት፤ ሻይ አስመጣችለት።

«ጋሼ አብተው! ምን እግር ጣለዎት? ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው።»

«የቱ ማሽን?»

«የሣሩ።»

ልዩ አንድ ደንበኛ ሚስማር ጠይቋት ወደዚያ ዞራ መለሰችለትና ተመለሰች። «እስካሁን ሣሩን ያጭዳሉ እንዴ?» አለችው፤ ከልቧ ተገርማ ነበር።

«በየቅዳሜው።»

«ውይ ጋሼ! ለማን ብለው? ማንም የሚመጣ የለም እኮ። እኔም ራሴ አባዬ ከሞተ ወዲህ እዚያ ለመሄድ ልቤ እንቢ ብሎኛል። እባክዎ ይረፉ። ጉልበትዎን አይጨርሱ። በሩን ከጠበቁልን በቂያችን ነው።» ክንዱን በፍቅር ያዝ አድርጋ ነው ይህን ያለችው። ስልኳ ጮኸ። እያወራች ወደ መጋዘኑ ገባች። አብተው ሻዩን ጨረሰ፤ ትንሽ ጠበቀ፤ ሂሳብ ሠራተኛዋን «ሄጃለሁ በይልኝ» ብሎ ወጣ።

ወደ ሎጁ ሲመለስ ካርቡሬተሩን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቅዳሜ መጣ። አልነካውም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ፤ ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ አረሙ ከጎጆዎቹ ደጃፍ ላይ በቀለ። አብተው በር ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ከጎረቤቱ መንደር የሚሄዱና የሚመጡ ሰዎች ሩቅ፣ ከገበሬዎቹ የቲማቲም ማሳዎች ባሻገር፣ እንደ ነጥብ ሆነው ያልፋሉ። ልዩ ክፉ አልተናገረችውም፤ ይህን ያውቃል። የተናገረችው እውነት ነው፤ የጎዳውም ይኸው እውነትነቱ ነው። በየቅዳሜው ማሽኑን ሲያስነሣ፣ የሆነ ሰው ሊመጣ እንደሆነ አስመስሎ ኖሯል፤ አሁን ማስመሰሉ ፈረሰበት። ቅዳሜ ከማክሰኞ የማይለይ ሆነ። መላጨት ተወ። አንዳንድ ቀን ምሳውን ሳያበስል፣ የትናንት ቂጣ ቆርሶ ይተኛል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የብረቱ በር ተንኳኳ። አብተው መጀመሪያ ነፋስ መስሎት ከተቀመጠበት አልተነሣም። ደግሞ ተንኳኳ። ሲከፍት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጭቃ የላከከበት ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ቆሟል። ሰውዬው አብተውን ሲያይ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አካም ጅርቱ» አለ።

«ነጋ» አለ አብተው። በእነዚህ ዓመታት ከተማራቸው ጥቂት የኦሮምኛ ቃላት አንዷ ነበረች፤ ሰላም ማለት ናት። «ምን ልታዘዝ?»

«ምንም፤ ምልኬሳ እባላለሁ። ቤታችን ከዚያ ነው» ብሎ ወደ ማሳዎቹ ጠቆመ። «እናቴ ናት የላከችኝ። ‹የቅዳሜው ሞተር ዝም ብሏል፤ ሰውዬው ሳይሞት አይቀርም፤ ሄደህ እይ› አለችኝ። ባለፈው ሳምንትም ልካኝ ነበር፤ ቲማቲም ስንለቅም ዋልን። ዛሬ ጠዋት ‹ካልሄድክ ራሴ እሄዳለሁ› አለች። እግሯን ያማታል።»

አብተው በሩን እንደያዘ ቆመ።

«እናትህ… እኔን በምን ታውቀኛለች?»

«አታውቅህም። ሞተሩን ነው የምትሰማው። በየቅዳሜው ሲነሣ ‹ሰውዬው ደህና ነው› ትላለች፤ ትሰማለች፣ በቃ። በበጋ ዝም እንደሚል ታውቃለች። አሁን ግን ሣሩ ረዝሞ ዝም ሲል ፈራች።» ምልኬሳ ወደ ውስጥ አንገቱን ሰገግ አድርጎ መስኩን አየ። «ታመህ ነበር?»

«አሁንስ ማሽኑ ነው የታመመው» አለ አብተው። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ኅዳር ላይ ግን ታምሜ ነበር። ወባ። እዚያ ቧንቧው ሥር አድር ነበር» አለ።

«ማን አስታመመህ?»

«ማንም።»

ምልኬሳ በሐዘን ከንፈሩን መጠጠ። ገብቶ የምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አብተው የሚያቀርብለት ፈለገ፤ ከሻይ ሌላ አላገኘም። ሻዩን ሲጠጡ ምልኬሳ «ይህን ሁሉ ሣር ስታጭደው የት ታደርገዋለህ?» ሲል ጠየቀው።

«አቃጥለዋለሁ።»

«ታቃጥለዋለህ?» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ግጦሹ እኮ ሁሉ ቲማቲምና ሽንኩርት ሆኗል! እኛ ለላሞቹ ሣር ፍለጋ ስንት መንገድ ነው የምንሄደው። እናቴ ይህን ብትሰማ…» ብሎ ሳቀ። አብተውም ሳቀ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቆዳ የተሰነጠቀ እስኪመስለው ድረስ።

ጠረጴዛው ላይ የከረመውን ፌስታል ያኔውኑ አመጣው። ጓርኒሲዮኗን አስተካክሎ ዘርግቶ ካርቡሬተሩን አሰረ። የካንዴላውን ገመድ ነቀለና ማሽኑን ገለበጠው፤ ምልኬሳ ደግፎ ያዘለት። ምላጩን ፈትቶ በሞረድ ሳለው። ምልኬሳ ለአንድ አፍታ እንኳ ቶሎ በል አላለውም። የቲማቲም ማሳውን የሚያጠጣበት ፓምፕ እንደዚሁ ገመድ ስቦ የሚያስነሣው ነውና፣ አብተው የሚያደርገውን እያየ ይጠይቅ ነበር፤ አብተው ይመልስ ነበር። አብተው ብዙ እንዳወራ የገባው ጉሮሮው ሲደርቅ ነው።

ገመዱን ሳበ። አነጠሰ። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ ነጭ ጭስ አንቧለለና ተነሣ፤ መጀመሪያ እየተንገዳገደ፣ ኋላ ድምፁ እየጠራ። ምልኬሳ በጭሱ መሐል እጁን አነሣና «ሰምታለች!» ብሎ ጮኸ። ሞቅ ሲል አብተው ሞተሩን አጥፍቶ ጥቁሩን ዘይት አወጣ፤ አዲስ ሞላ። ከዚያ ማጨድ ጀመረ። ሣሩ ረጅም ስለነበር አንድ ትልም ሄዶ ይቆማል፤ የታፈነውን ጠርጎ ይቀጥላል። ምልኬሳ የታጨደውን በኬሻ ጠቀጠቀና፣ የቻለውን ያህል ተሸክሞ፣ «ቀሪውን በአህያ እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ። አብተው በሩ ላይ ቆሞ፣ ኬሻው ከማሳዎቹ መሐል እስኪጠፋ ድረስ አየው። ከዚያ ወደ መስኩ ተመለሰ። ግማሹ ገና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አብተው እንደጠበቀው ሆኗል ማለት አይቻልም። ምልኬሳ በየቅዳሜው እየመጣ ሻይ እየጠጣ የሚጨዋወት መስሎት፣ ሁለተኛ ብርጭቆ አጥቦ አስቀምጦ ነበር። ምልኬሳ ግን ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ቅዳሜ የባቱ ገበያ ነው፤ ቲማቲሙ አይጠብቅም። አህያዋን ይዞ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ ጭኖ፣ «እግዜር ይስጥልን፣ እናቴ ሰላም ብላሃለች» ብሎ ይሄዳል። ሰላምታው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም፤ ያን ጊዜ አብተው ኬሻዎቹን ከበሩ ውጭ ያኖራቸዋል፤ ጠዋት ሲነሣ የሉም። ቢሆንም ማጨዱን አላቋረጠም፤ አሁን ሣሩን የሚጠብቁ ላሞች አሉ። ጺሙንም ይላጫል።

ክረምቱ አለፈ፤ መስከረምና ጥቅምት አለፉ፤ ሣሩ ማደጉን ተወ። ታኅሣሥ ላይ አብተው የዓመቱን የመጨረሻ አጨዳ አጨደና ማሽኑን ለበጋ ማዘጋጀት ጀመረ። ቤንዚኑን በላስቲክ ቱቦ ስቦ ጠርሙስ ውስጥ ቀዳው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን እንዲጨርስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ጠበቀ። ሞተሩ ትንሽ ሠራ፤ ድምፁ ሳሳ፤ ሳል ሳል አለውና ቆመ። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠባጠበ፤ ዘይቱ እንዲዳረስ ገመዱን በቀስታ ሳብ ሳብ አደረገና ካንዴላውን መለሰ። ምላጩ ሥር የተጋገረውን ሣር ፋቀ። ሸራውን አለበሰው።

ጠርሙሱን አየው። ያ ሁሉ ቤንዚን ለምልኬሳ ፓምፕ ይሆናል። ከተቀጠረ ወዲህ በሩን ቆልፎ ወደ መንደሩ ሄዶ አያውቅም። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ በሩን ቆለፈ፤ ጠርሙሱን ይዞ በማሳዎቹ መሐል ሄደ።

ምልኬሳ አልነበረም። ከቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። እናቱ ጋዲሴ እንደምትባል ምልኬሳ ነግሮት ነበር። አማርኛ አታውቅም።

«አካም ጅርቱ» አላት። የሚያውቀውን ሁሉ ሰላምታ ተራ በተራ አለ፤ ሲያልቅበት ጠርሙሱን አሳያት፤ ማሳው ዳር ወዳለው ፓምፕ ጠቆመ። ገባት። ከዚያ በደንብ አየችው፤ ጣቷን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዘርግታ በአፏ የሞተር ድምፅ አሰማች።

«አዎ» አለ አብተው። «እኔ ነኝ።»

ጋዲሴ ብዙ ነገር ተናገረች። ረጅም ንግግር ነበር፤ መሐል ላይ የተቆጣች ትመስላለች፤ መጨረሻው ላይ ሳቀች። አብተው አንድም ቃል አልገባውም። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤቱ ውስጥ ተጣርታ በርጩማ አስወጣችለትና ተቀመጠ። ወተት በጣሳ ሰጠችው፤ ጠጣ። ከእግሯ ሥር ካለው ቁና ባቄላ ዘግኖ መፈልፈል ጀመረ። እሷ አላስቆመችውም። እሱ አልፎ አልፎ በአማርኛ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሸዋወርቅ፣ ስለ አዳማ ያወራል፤ እሷ በራሷ ቋንቋ ትመልሳለች፤ ምን ብላ እንደምትመልስ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁናው ባዶ ሆነ።

አብተው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ጋዲሴ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና አንድ ነገር ደጋግማ አለችው። መንገዱን ሁሉ ቃሉን እንዳይረሳው እያነበነበ ሄደ፤ ምልኬሳን ባገኘው ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቀው። በሩን ከፍቶ ገባ። ጎጆዎቹ ጨልመዋል፤ ከሐይቁ በኩል የሚሰማ ነገር የለም። ቃሉን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ አለው፤ ከዚያ እሳት ሊያያይዝ ገባ።